ጌጁ የማይቆጥረው ኪሎ ሜትር

በኢሉባቦር ከጥቅምት እስከ ጥር ሰው ሁሉ ከቡናው ጋር ነው። ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተሽጦ እጅ ላይ ብር ሲገባ በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮና በሁሩሙ ወሬው ወደ ቤት መሥራትና ወደ መኪና መግዛት ይዞራል። አብዛኛው ሰው አቅሙንና መንገዱን አይቶ ቪትዝ ወይም ያገለገለ ሃይሉክስ ያፈላልጋል። አንዳንዱ ግን ደላላ በስልክ የላከለትን ፎቶ አይቶ ልቡ ይሸፍታል፤ ቆዳ ወንበር ያለው፣ በሩ ሲዘጋ የውጭውን ጫጫታ የሚያስቀር መርሴዲስ ወይም ሬንጅ ሮቨር፣ ዋጋው ደግሞ ከአንዲት ንጹህ ቪትዝ ብዙ ያልራቀ። ገዢው ወዲያው የሚጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል፦ «ስንት ነድቷል?» 280,000 ሲባል ፊቱ ይጠቁራል፤ 140,000 ሲባል ይፈካል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለመቱ ሰው ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ የኪሎ ሜትር ጥያቄ አለ። መኪናው ነገ ቢቆም፣ የሚያስነሳው ዕቃና የሚያስነሳው እጅ ስንት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው? ብዙ የተነዳ ቅንጡ መኪና ይገዛ ወይስ ይቅር የሚለው የሚወሰነው በዚህኛው ቁጥር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

አስቀድሞ ዋጋውን እንመርምር። በአውሮፓና በአሜሪካ ቅንጡ መኪና ከተራው መኪና ይልቅ ቶሎ ይረክሳል፤ አዲስ ሳለ ሀብታም የገዛው መኪና አሥር ዓመት ሲሞላው የመምህር ደመወዝ ይደርስበታል። እኛ አገር ግን አሮጌ መኪና እንደ ቤት ዋጋው ሲወጣ ኖሯል፤ ለዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለና ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ በሚበልጥ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ አሁን አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና ተተኪ የሌለው ዕቃ ሆኗል፤ ያረጀ ኮሮላ ሳይቀር ዋጋው አይቀመስም። ሁሉም ነገር በተወደደበት በእንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ ባለ ስምንት ሲሊንደር መርሴዲስ በትንሽ መኪና ዋጋ ሲቀርብ፣ ሻጩ ቸር ስለሆነ አይደለም። መኪናውን ለዓመታት ሲይዙት የኖሩ ሰዎች ያወጡትን የጥገና ወጪ ገበያው ቀድሞ ቆጥሮታል፤ ከዋጋው ላይ የጎደለው ብር ገዢው ወደፊት በጋራዥ የሚከፍለው ብር ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ቅናሽ ያገኘ ይመስለዋል።

ታዲያ ጌጁ ላይ ያለው ቁጥር ምን ያህል ሊያስፈራን ይገባል? ከምናስበው ያነሰ። ግሪጎሪዮስ ሳቺኒዲስ የተባለ ግሪካዊ የታክሲ ሹፌር በ1976 እ.ኤ.አ. በተሠራች መርሴዲስ 240ዲ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ በ2004 እ.ኤ.አ. ለፋብሪካው ሙዚየም አስረክቧታል። ይህ ከመቱ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ከ3,800 ጊዜ በላይ እንደ መሄድ ነው። ግን ምስጢሩ በብረቱ ጥንካሬ ብቻ አልነበረም። ሰውዬው ሞተሩን በየጊዜው ያወርድና በተጠገነ ሌላ ሞተር ይተካ ነበር፤ መኪናዋም ኮምፒውተር የሌላት፣ ናፍጣዋ በሜካኒካል ፓምፕ የሚረጭ፣ ማንኛውም መካኒክ በመፍቻ የሚፈታት ነበረች። ዘይቱ በሰዓቱ ተቀይሮ በረጅም አስፋልት ላይ 300,000 የነዳ መኪና፣ በአዲስ አበባ የመኪና ሰልፍ ውስጥ ሞተሩ እየሠራ ቆሞ ከዋለውና 120,000 ብቻ ከሚያሳየው ሊሻል ይችላል። ደግሞም ቁጥሩ ራሱ ሊታመን የሚችለው እስከ ተወሰነ ደረጃ ነው። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት ባለሥልጣን በዚያ አገር በየዓመቱ ከ450,000 በላይ መኪኖች ጌጃቸው ተነካክቶ እንደሚሸጡ ይገምታል። ጠንካራ ሕግና የጥገና መዝገብ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ መዝገብ በማይያዝበት ገበያ ዲጂታል ጌጅ የሚያሳየውን እንደ ቃለ መሐላ መቀበል አይቻልም። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ጠርዙ ተበልቶ የለሰለሰ፣ የሹፌሩ ወንበር የመውጫው በኩል የተሰነጠቀ፣ መሪው ከመጨበጫው ላይ የነጣ መኪና 90,000 ነዳ ቢባል አይምሰለን።

ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ግን ሊነካካ የማይችል ነው። ከመቱ በበደሌና በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይነዳል። የሃይሉክስ የፍሬን ሸራ፣ የቪትዝ የዘይት ፊልትሮ፣ የአይሱዙ ባሌስትራ መቱ ወይም በደሌ ቢታጣ ጅማ አይታጣም። ለአሥራ አምስት ዓመት ሬንጅ ሮቨር የሚሆን ዕቃ ግን ያለው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው፤ እዚያም ከተበተነ መኪና የወጣ እንጂ አዲስ ላይሆን ይችላል። ሂደቱን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ዳሽ ቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፤ መኪናው ጉልበቱን ይቀንሳል። የአካባቢው መካኒክ ያለው የኮምፒውተር መመርመሪያ የተለመዱትን የጃፓን መኪኖች ያነባል፤ የዚህኛውን ግን ጠቅላላ ኮድ ብቻ ሰጥቶ ዝም ይላል። በግምት አንድ ሴንሰር ይታዘዛል። ፎቶው በቴሌግራም አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ዕቃው ተገኝቶ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር እጅ ይላካል፤ ሲደርስ መግቢያው ልዩ ሆኖ ይገኛል። ይመለሳል፤ ሌላ ይመጣል፤ ይገጠማል። መኪናው አሁንም አይቀበለውም፤ ምክንያቱም ብዙ የዚህ ዓይነት መኪኖች አንዳንድ ዋና ዋና ዕቃዎቻቸው ሲቀየሩ አዲሱን ዕቃ በኩባንያው ሶፍትዌር ማስተዋወቅ ይጠይቃሉ። መጨረሻው ሎቤድ ተከራይቶ መኪናውን ራሱን 600 ኪሎ ሜትር መላክ ነው፤ የጭነቱ ዋጋ ከሴንሰሩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እዚህ ላይ የመቱን መካኒኮች ማሳነስ ተገቢ አይደለም። ቴስታ አውርዶ የሚያስተካክል፣ ካምቢዮ ፈቶ የሚገጥም፣ የጠፋ ኩሽኔታ ከሌላ መኪና አመሳስሎ የሚያስገባ እጅ በእነዚህ ከተሞች አለ። የጎደለው መሣሪያው፣ ሶፍትዌሩና ዕቃው ነው፤ ያለ እነዚህ ደግሞ የጀርመን መሐንዲስ ቢመጣም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

መሬቱም የራሱን ይጨምራል። ጎሬና አካባቢዋ በኢትዮጵያ እጅግ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው፤ ደመናው ለብዙ ወራት ከጫካው አይነሳም። ይህ ለቡናው በረከት ነው፤ ለአሮጌ ቅንጡ መኪና ግን ጠላት ነው። የብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሳጥኖች የተቀመጡት ከወንበር ሥር፣ ከምንጣፍ በታች ወይም ከኋላ የዕቃ መጫኛው ጎን ነው። የጣሪያው መስኮት የውኃ መውረጃ ቱቦ በአቧራ ሲደፈን፣ ወይም የበሩ ጎማ ሲደርቅ፣ ውኃው ማንም ሳያየው ወደዚያው ይወርዳል። ምንጣፉ ላይ ብቻ የሻገተ ሽታ ይሰማል፤ ከወራት በኋላ መስኮት በራሱ ይወርዳል፣ ባትሪ ያለ ምክንያት ያልቃል፣ ጠዋት መኪናው ቁልፉን አላውቅም ይላል። ከዚያ ደግሞ ቁልቁለቱ አለ። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ጋምቤላ ከ500 ሜትር ብዙ አትርቅም። በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርድ መኪና 1,500 ሜትር ያህል ወርዶ ሙቀት ውስጥ ይገባል፤ ሲመለስ ያንኑ ዳገት ሞተሩን እያጋለ ይወጣዋል። ድሮ፣ እንግሊዞች በ1902 እ.ኤ.አ. ውል ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ካገኙ በኋላ፣ የጎሬ ቡና በዚሁ ተዳፋት በበቅሎ ጀርባ ይወርድ ነበር፤ ነጋዴው የበቅሎውን ጉልበት ሳይመዝን አይነሳም። አሁን የሚመዘነው የራዲያቶሬው ሁኔታ ነው። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን፣ የውኃ ማስተላለፊያው ከፕላስቲክ የተሠራና በዕድሜ የደረቀ መኪና ዳገቱ መሃል ቱቦው ቢፈነዳ፣ ሹፌሩ የሙቀት መለኪያው መርፌ ሲወጣ አይቶ ካላቆመ ቴስታው ይጣመማል። የ20 ዓመት ፕላስቲክ ጌጁ ላይ ስንት እንደተጻፈ አይጠይቅም፤ በዓመቱ ልክ ይሰባበራል።

ዕድሜ የሚያደርሰውን ጉዳት በቅርብ ለማየት ከአየር ሞላው የተሻለ ምሳሌ የለም። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ሬንጅ ሮቨሮች፣ እንዲሁም ከ1998 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የተመረተው ኤስ ክላስ መርሴዲስ፣ የሚቆሙት በብረት ሞላ ፈንታ በጎማ ከረጢት ውስጥ በታመቀ አየር ላይ ነው። ለምቾቱ አቻ የለውም፤ ጎድጓዳው አይሰማም። ጎማው ግን እንደ ማንኛውም ጎማ ይደርቃል፤ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ ጠጠርና ጭቃ ደግሞ ሥራውን ያፋጥነዋል። መጀመሪያ የሚወጣው አየር ጥቂት ስለሆነ ኮምፕሬሰሩ እየሞላ ይሸፋፍነዋል። ቀን ከሌት ሲሠራ ግን ራሱ ኮምፕሬሰሩ ይቃጠላል፤ አንድ የነበረው ብልሽት ሁለት ይሆናል፤ መኪናው በሆዱ ይተኛል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ከመቱ ውጭ ጭቃ መንገድ ላይ የቆመን መኪና ማንሳት ምን ማለት እንደሆነ ክረምቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህን ለመፈተሽ ግን ኮምፒውተር አያስፈልግም። ማታ ሞተሩ ሲጠፋ ከእያንዳንዱ ጎማ አናት እስከ መከለያው ጠርዝ ያለውን ክፍተት በጣት መለካት ነው፤ አራት ጣት ከሆነ አራት ጣት ብሎ መጻፍ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ያንኑ እንደገና መለካት። አንዱ ጥግ ሁለት ጣት ወርዶ ካደረ ሻጩ ምንም ቢል አየሩ ይወጣል።

የነዳጁንም ሒሳብ እናስላው፤ ረጅም አይደለም። ትልቅ የቤንዚን ሞተር ያለው ቅንጡ መኪና በዚህ አገር መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ያህል ቢጠጣ አዲስ አበባ ለመድረስ 90 ሊትር ይፈልጋል። ቪትዝ በ6 ሊትር ሒሳብ 36 ሊትር ይበቃታል። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከ100 ብር አልፏል፤ በ100 ብር እንኳ ብናሰላ የደርሶ መልሱ ልዩነት ከ10,000 ብር በላይ ነው። ማደያ ሲደርቅ በጀሪካን የሚሸጠውን መግዛት ደግሞ በናፍጣ ለሚሠራው ቅንጡ መኪና ሌላ አደጋ ነው፤ ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን ከ1,600 ባር በሚበልጥ ግፊት በሚረጭ ኢንጀክተር ስለሚሠራ ለመበላሸት ጥቂት ውኃና ቆሻሻ ይበቃዋል።

እስካሁን ያልኩትን የሚቃወም ሰው ብዙ የሚለው አለው፤ የሚለውም ከንቱ አይደለም። የመጀመሪያው መኪና ንብረት ነው የሚለው ነው። ብር ከሚያድርበት ባንክ ይልቅ መኪና ዋጋውን ይጠብቃል፤ ባለፉት ዓመታት መኪና ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው አልከሰረም። እውነት ነው፤ ግን ይህ የሆነው በቀላሉ ለሚሸጡ መኪኖች ነው። ቪትዝን መቱ ላይ ለመሸጥ አንድ ሳምንት ይበቃል፤ ገዢው ጎረቤት ነው። አሮጌ ሬንጅ ሮቨርን የሚገዛ ሰው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ እሱም ከሙሉ ምርመራ በኋላ እንጂ አይገዛም። ዶላር ሲወጣ የመኪናው ዋጋ በብር እንደሚወጣ ሁሉ የዕቃውም ዋጋ አብሮ ይወጣል፤ ያውም ዕቃው የሚከፈለው ዛሬ ነው፤ ትርፉ የሚታየው ከተሸጠ በኋላ። ቆሞ ያለ ቅንጡ መኪና ደግሞ ንብረትነቱ በየወሩ ይቀንሳል፤ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ባትሪው ይሞታል፣ በደላላ ዘንድ ስሙ «የቆመ» ይሆናል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከበድ ይላል፤ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ። በመንገዶቻችን ላይ በየዓመቱ ሺዎች ይሞታሉ። ከባድ ሻንሲ፣ ብዙ የአየር ከረጢት፣ ጥሩ ፍሬን ያለው መኪና በግጭት ጊዜ ከትንሽ መኪና ይልቅ ተሳፋሪውን ያተርፋል፤ ልጆቹን ይዞ ጅማ የሚወርድ አባት ይህን ማሰቡ ትክክል ነው። እኔም አልክድም። ነገር ግን ያ ደኅንነት የሚኖረው ዕቃው ሁሉ ሲሠራ ነው። የአየር ከረጢቱ መብራት በርቶ የሚነዳ፣ የፍሬን ሸራው ተመሳሳይ ባልሆነ ዕቃ የተተካ፣ ለክብደቱ የሚሆን ጎማ ስላልተገኘ ሌላ ልክ የተገጠመለት መኪና የፋብሪካውን ደኅንነት ይዞ አልቀረም። ክብርም አለ፤ እሱንም ማቃለል አይገባም። በትንሽ ከተማ ሰው ለሠርግ፣ ለሽምግልና፣ እንግዳ ለመቀበል ደህና መኪና መፈለጉ ነውር የለበትም፤ ለሠርግ ማከራየትም ገቢ ነው። ገቢው ግን መኪናው በቀጠሮው ቀን መነሳቱን ይጠይቃል፤ የሙሽራ ቀጠሮ ደግሞ አይራዘምም።

ሦስተኛው፣ «ቪ8 እና ሌክሰስስ? እነሱም ቅንጡ ናቸው፤ ግን ቶዮታ ናቸው» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሐሳቤን በከፊል እለውጣለሁ። ከ2007 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. የተመረተው ላንድክሩዘር 200፣ ሰው ቪ8 የሚለው፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በድርጅት ብዙ ስላገለገለ የሚያውቀው መካኒክ አለ፤ ዕቃውም ይፈለጋል፣ ይገኛል። 250,000 የነዳ ቪ8፣ የአገልግሎት ደብተሩ ካለና ሻንሲው ካልተጣመመ፣ ለመቱ ሰው ሊያዋጣ ይችላል። ሆኖም 4.5 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር ስምንት ኢንጀክተርና ሁለት ተርቦ ያለው መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሲበላሹ ሁልጊዜ ተራ በተራ አይበላሹም። ከዚህ ጎን ባለ ስድስት ሲሊንደሩ፣ 4.2 ሊትሩ፣ ተርቦም ኮምፒውተርም የሌለው የላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ ሞተር ምቾት ባይኖረውም 400,000 ነድቶም ጎሬ ላይ ይጠገናል። የእርዳታ ድርጅቶች በጨረታ የሚያወጧቸው መኪኖች የጥገና መዝገባቸው የሚገኝበት ዕድል ከሌላው ይልቅ ሰፊ ነው፤ ለመጠበቅ ትዕግሥት ላለው ይህ ጥሩ በር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የተሻለ አይሆንም ወይ የሚልም አለ፤ ለከተማ ውስጥ ሥራ አዎ፣ ግን ለ600 ኪሎ ሜትር ጉዞ በመንገዱ ላይ የሚሞላበት ቦታ እስኪበዛ ድረስ የአዲስ አበባን ሰው ምክር ለመቱ ሰው መስጠት አልደፍርም።

ወረቀቱም እንደ ሞተሩ መፈተሽ አለበት፤ ቅንጡ መኪና ላይ ይልቁንም። ብዙዎቹ ወደ አገር የገቡት በቀረጥ ነጻ መብት ነው፤ በዲፕሎማት፣ በድርጅት፣ በባለሀብት ስም። እንዲህ ያለ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል መብት ወደሌለው ሰው ሊዛወር አይችልም፤ በውክልና ገዝቶ መንዳት ደግሞ በሌላ ሰው ዕዳ ላይ መቀመጥ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር ቁጥር በቁጥር መመሳሰል፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ፣ ቦሎው የዘመኑ መሆን አለበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ያደርጋል፤ ገዢውም ዕቃውን እንደተረከበ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ውሉ ላይ «አይቼና መርምሬ ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲገባ ግን ክርክሩ ይከብዳል፤ ከመፈረሙ በፊት የታወቁት ጉድለቶችና የሻጩ ማረጋገጫዎች በግልጽ እንዲጻፉ መጠየቅ የገዢው መብት ነው።

ገዢው ይህን ሁሉ ሰምቶም ልቡ ከመርሴዲሱ ካልተነሳ፣ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት አንድ ወረቀት ይያዝ። በአንድ በኩል የካምቢዮውን፣ የአየር ሞላውን፣ የነዳጅ ፓምፑን፣ የራዲያቶሬውንና የዋናውን የኤሌክትሪክ ሳጥን ስም ይጻፍ። በእያንዳንዱ አንጻር ዕቃው የት እንደሚገኝ፣ ዛሬ ስንት እንደሆነና መቱ፣ በደሌ ወይም ጅማ ላይ ማን እንደሚገጥመው ሶማሌ ተራም መካኒኮቹም ዘንድ ደውሎ ይሙላ። ዋጋዎቹን ደምሮ ከመኪናው ዋጋ ጋር ያስተያይ፤ የመኪናውን ዋጋ ሲሶ ያህል ብር ከግዢው ተርፎ እጁ ላይ መቅረት አለበት። ከአምስቱ የገጣሚ ቦታዎች ሦስቱ ባዶ ከቀሩ፣ ጌጁ 280,000 ይበል 80,000 ይበል፣ ያ መኪና የአዲስ አበባ መኪና ነው።